ሁለት ፕሬዚዳንት በአንድ አዳራሽ

ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ኦፒው እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ጋምቤላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ደግሞ አስተርጓሚነት ነው። አኙዋክኛ የአፍ መፍቻዬ ነው። ኑዌርኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ባሮ ወንዝ ውስጥ ስንቦራጨቅ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ከቤተ ክርስቲያን እንግዶች ተማርኩ። በነዚህ በአራቱ የሰው ንግግር ስቀበልና ሳቀብል ፀጉሬ ሸበተ። ብዙ ጉድ አይቻለሁ። ሰው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ግን የሚጠይቀኝ ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው።

«ኦፒው፣ እስቲ የፕሬዚዳንቱን ክርክር ንገረን!»

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያልነበረ ሰው ሁሉ አሁን ከእኔ የተሻለ ያወራዋል። በአንዳንዱ ወሬ ወንበር ተወራውረናል። በሌላው ደግሞ እኔ በመስኮት ዘልዬ ወጥቻለሁ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ እንዳለው እንኳ አያስታውሱም። ስለዚህ እኔው ራሴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ነገር ግን ያን ቀን ምን እንደተበላሸ እንዲገባችሁ ከሥራው መጀመር አለብኝ።

ፍርድ ቤት የተቀጠርኩት በፈተና ነው። ፈታኙ ዳኛ አኙዋክኛም ኑዌርኛም ስለማይችሉ የመለስኩት ሁሉ ትክክል ሆነ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ባለቤቴ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በቂ አውርታበታለች።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሼ ዘነበ ነው። ጋሼ ዘነበ ጎሬ ተወልዶ በልጅነቱ ከነጋዴ አባቱ ጋር ወደ ጋምቤላ የወረደ፣ ቀጭን፣ ጾም የማያፈርስ ሰው ነበር። አኙዋክኛን ከእኔ አሳምሮ ይናገር ነበር፤ ይህም ለብዙ ጊዜ ያናድደኝ ነበር። በችሎት ቀን ጠዋት ከማንም ጋር ሰላምታ አይለዋወጥም። የገዛ ጎረቤቱ «እንደምን አደርክ ዘነበ?» ቢለው አንገቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። «ዛሬ አፌ የእኔ አይደለም» ይላል። ሰው ረጅም ንግግር ሲያደርግ ወረቀት አይዝም፤ በአውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ ይቆጥራል። አንድ አንጓ አንድ ነገር ነው። አንጓው ሲሞላ እጁን ያነሳል፤ ያኔ ዳኛም ቢሆን ይቆማል። ስድብ ሲመጣበት ቁጭ ብሎ ከሆነ ብድግ ይላል። «ስድብ ቁጭ ተብሎ አይተረጎምም፤ ከተቀመጥክ የአንተ ይመስላል» አለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የመጀመሪያው ሕጉ ነበር። ሰውዬው «እኔ» ካለ አንተም «እኔ» ትላለህ። «እሱ እንዲህ አለ» ማለት የለም። በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ተከሳሽ ጥፋቱን አመነ። እኔም በትምህርቴ መሠረት ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ «ፍየሏን የሰረቅኳት እኔ ነኝ፤ ቆዳዋንም ጓሮ ቀብሬዋለሁ» ስል ከኋላዬ አንድ እጅ ማጅራቴን ያዘኝ። ከደጋ ከመጣ አራት ቀን የሆነው አዲስ ፖሊስ ነበር። ዳኛው እስኪያስጥሉኝ ድረስ እስከ በሩ ተጎትቼ ነበር። ተከሳሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሼ ዘነበ ግን ፊቱን እንኳ አልቀየረም። ከችሎት ስንወጣ፣ «ጥሩ ተርጉመሃል፤ ፖሊሱ አምኖሃል ማለት ነው» አለኝ።

በመሀል ፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አለቃዬ ከናይሮቢ የመጣች፣ በጣም ደግ፣ በጣም ፈጣን ተናጋሪ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሽማግሌዎችን ሰብስባ «ከሰኞ ጀምሮ ሳይኮሶሻል ሰፖርት ይጀመራል» አለች። እኔም ከጥቂት ማሰብ በኋላ «ከሰኞ ጀምሮ የሚያጽናኗችሁ ሰዎች ይመጣሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው በቀስታ ተነስቶ፣ «ማን ሞቶብን ነው? ለምን እስከ ሰኞ ትደብቁናላችሁ?» አለ። ማልቀስ የጀመሩም ነበሩ። ለማረጋጋት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ከፑኝዶ ወደ ፍርድ ቤት ስመለስ ጋሼ ዘነበ ጡረታ ወጥቶ ነበር። አዲስ ሕግም ወጥቶ ጠበቀኝ፤ የፀረ ሽብር ሕግ። «ሽብርተኛ» የሚለውን በሁለቱም ቋንቋ ምን እንበለው? ወደ ጋሼ ዘነበ ቤት ሄድኩና ማንጎው ሥር ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀመጥንበት። መጀመሪያ «አስፈሪ ሰው» አልነው። አንድ ምስክር ላይ ብሞክረው «አስፈሪ ሰው ታውቃለህ ወይ?» ሲባል «አዎ፤ የሚስቴን እናት» ብሎ መለሰ። ችሎቱ ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ። በመጨረሻ፣ «ሰው ወንዝ እንዳይወርድ፣ እርሻም እንዳይሄድ የሚያስፈራ» በሚለው ተስማማን። ትንሽ ይረዝማል እንጂ ሰው ሁሉ ሲሰማው ይገባዋል። በዚህ ትርጉም ኮርቼበት ነበር። ብዙ ዓመት ተጠቀምኩበት።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ኡቻላ የሚባል ሰው አንድ ፖሊስ ጣቢያ ቀረበ። ቤቱ በአቦቦ መንገድ፣ ከአልዌሮ ግድብ ወዲህ ነው። ማር ቆራጭ ነው። አካባቢው ላይ ተኩስ ተሰምቶ ስለነበር የተገኘው ሰው ሁሉ ይጠየቅ ነበር። መርማሪው «ባለፈው ሳምንት የት ነበርክ?» አለው። ኡቻላ መለሰ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ፦

«ከወንድሜ ጋር ጫካ ገባን። አራት ቀን ቆየን። ጭስ አጨስን፤ ከዚያ ወጣን።»

የመርማሪው ብዕር ሲፈጥን አየሁት። በአኙዋክኛ ጫካ መግባት ጫካ መግባት ነው፤ ዛፍ አለ፣ ንብ አለ። በአማርኛ ግን «ጫካ ገባ» ማለት ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቅ ነበር። ጀማሪ አልነበርኩም፤ ሰበብ የለኝም። ደክሞኝ ነበር፤ ያን ቀን አሥራ አንደኛ ሰው ነበር። ኡቻላ ቃሉ ላይ በጣቱ አትሞ ወደ ውስጥ ተወሰደ።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ በቅል ማር ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ይህን ቅመስና ለአለቆቹ ስጥልኝ፤ ጫካ የገባው ለዚህ ነው» አለችኝ። የዚያን ጊዜ ገባኝ። ዝቅ ብዬ ጫማዬን አየሁ። «እነግራቸዋለሁ» አልኳት። አልነገርኳቸውም። በዚያን ሰሞን ስለ ተጠርጣሪ ደህና ነገር የተናገረ ሰው እሱም ይጠረጠር ነበር። እኔም አኙዋክ ነኝ፤ እሱም አኙዋክ ነው። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሦስት ሳምንት ሞላ። እሷ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፤ እኔ በጓሮ በር መግባት ጀመርኩ።

በመጨረሻ ለጋሼ ዘነበ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «ካወቅክ ስንት ጊዜህ ነው?» ብቻ አለኝ። ነገርኩት። ጫማውን አደረገ። «ና» አለ። ዳኛው ፊት ስቆም እሱ ከኋላዬ አንድ እርምጃ ርቆ ቆመ። ስንሳሳት የምንለውን ቃል ያስተማረኝ እሱ ነው፤ «ይቅርታ» አይባልም፣ «እኔ» አይባልም። «የተከበሩ ዳኛ፣ ተርጓሚው ተሳስቷል» አልኩ። 

እኔ ላይ ምንም አልደረሰም። አንድ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ አበቃ። ወረቀቱ ከክፍል ክፍል እስኪዞር ግን ኡቻላ አራት ወር ታሰረ። በተፈታ ቀን በሩ ላይ ጠበቅሁት። ከስቶ ነበር። አልተሳደበም። «ከእንግዲህ ማር ልቆርጥ ስሄድ ምን ብዬ ልናገር?» አለኝ።

«‘ማር ልቆርጥ ሄድኩ’ በል» አልኩት።

«እኔማ እንደዚያ ነው ያልኩት» አለኝና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስህተቴን ባወቅሁበት ደቂቃ ለመናገር ማልኩ። ቀላል እየመሰለኝ ኖርኩ፤ እስከ ክርክሩ ቀን።

ክርክሩ የሆነው ጡረታዬ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። ሕሊና የምትባል ወጣት አሠልጣኝ የኮሌጅ ተማሪዎችን የክርክር ጥበብ ልታስተምር ከአዲስ አበባ መጣች። መነጽር ታደርጋለች፤ ማስታወሻ ደብተሯ ከእጇ አይለይም። ርዕሱ ከውጭ ከመጣ የማሠልጠኛ መጽሐፍ የተወሰደ ነበር፦ «የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሽብርተኝነትን በመዋጋት ረገድ ውጤታማ ነበሩን?» የሚል። ሰውዬው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው።

«ስማቸውን ለምን አትጽፊውም?» አልኳት።

«ስም ከጠራን ፖለቲካ ይሆንብናል ጋሼ ኦፒው። ተማሪዎቹ ማን እንደሆኑ ያውቃሉ።»

የአገር ሽማግሌዎችና የከተማው ሰው እንዲታደሙ ፈለገች፤ እንድተረጉምላቸውም እኔን ጠየቀች። ማስታወቂያውንም በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ተርጉሜ በድምፄ ቀዳሁላት፤ በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮ ሦስት ቀን ከተማውን ዞረ። ያልኩት ይህን ነው፦ «ቅዳሜ በባህል አዳራሹ ክርክር አለ! የቀድሞው ፕሬዚዳንት፣ ሰው ወንዝ እንዳይወርድ፣ እርሻም እንዳይሄድ የሚያስፈራውን በደንብ ተዋግተዋል ወይስ አልተዋጉም?»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሕሊና በደስታ የምትሆነውን አጣች። «አየህ ጋሼ፣ ሕዝቡ ለዓለም አቀፍ ጉዳይ ምን ያህል ፍላጎት እንዳለው!» አለችኝ፤ ከመደሰቷ የተነሳ እርስዎ ማለቱንም ረስታዋለች። እኔም ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱም ግማሹ አዳራሽ ዓሣ አስጋሪ ነው። ከፊት ወንበር ላይ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ የተቀመጠው ኡሞድ ነበር።

ኡሞድ የባሮ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መሪ የነበረ ነው። ማኅበሩ ሲቋቋም ማኅተም ሊያስቀርጽ ሄዶ «የማኅበሩ ሊቀመንበር» የሚለው ፊደል በዛብኝ፣ ማኅተሙም አይበቃውም ብሎ «ፕሬዚዳንት» አስቀረጸበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለከተማው ሰው ሁሉ «ፕሬዚዳንቱ» እሱ ሆነ። ከወረደ በኋላም «የቀድሞው ፕሬዚዳንት» ነው የሚሉት። እሱ መሪ በነበረበት ዓመት አንድ ትልቅ አዞ ከድልድዩ በታች ያለውን ዳርቻ ወርሶ ሰው ውሃ መቅዳት ፈርቶ ነበር። አንድ አስጋሪም በልቷል። በኋላ ማኅበሩ አዳኞች ልኮ አስገደለው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ እንዴት አልገባኝም ትሉኛላችሁ። ባለቤቴም ትለኛለች። ተርጓሚ ሲተረጉም አያስብም፤ እንደ ቧንቧ ነው፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ቧንቧ አይጠይቅም።

ክርክሩ ተጀመረ። ደጋፊዋ ተማሪ ተነሳች፤ ጎበዝ ልጅ ናት። «ፕሬዚዳንቱ ወደ ኃላፊነት ሲመጡ ሕዝቡ በፍርሃት ይኖር ነበር!» አለች። ተረጎምኩ። አስጋሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለዓመታት ተደብቆ የኖረውን ዋናውን የሽብር መሪ አሳድደው አስገድለዋል!» ቀጠለች። እኔም፣ «ለዓመታት ተደብቆ የኖረውን፣ ሰው ወንዝ እንዳይወርድ የሚያስፈራውን ዋናውን አስገድለዋል» አልኩ። ጭብጨባው ጣሪያውን አነቃነቀው። ኡሞድ ብድግ ብሎ እጅ ነሳና ተቀመጠ።

ሕሊና ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ያ አባት ማን ናቸው?» አለች።

«ፕሬዚዳንት ነበሩ» አልኳት። እሷም በአክብሮት አየቻቸው።

ተቃዋሚው ተማሪ ተራውን ያዘ። «ልብ በሉ! ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው አልሄዱም። እሳቸው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሌሎችን ላኩ!» ይህን ስተረጉም አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ተነስቶ ጮኸ። እኔም በሕጉ መሠረት ወደ አማርኛ መለስኩት፦ «እውነት ነው! እሱ ቤቱ ተቀምጦ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ! እጄን እዩት፣ እስከ አሁን ተልጧል!»

ሕሊና ደብተሯን ገለጠች። «እንዴት ያለ ዘይቤ ነው! ‘ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ’… ሸክሙን የሚሸከመው ተራው ሕዝብ ነው ማለታቸው ነው አይደል?»

ተቃዋሚው በዚህ ተበረታታ። «ከሩቅ በተላኩ መሣሪያዎች ምንም ያላጠፉ ንጹሐን ተጎድተዋል! ይቅርታ የጠየቃቸው የለም!» አለ። ገና ተርጉሜ ሳልጨርስ ሌላ አስጋሪ ተነሳ፦ «የወንድሜ ታንኳ! ጦሩን ከዳር ሆነው ሲወረውሩ የወንድሜን ታንኳ በሱት! ማንም ይቅርታ አላለውም!»

ከክርክሩ ዳኞች አንዱ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፣ ነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

ደጋፊዋ ልጅ ተቆጣች። «ቢሆንም መሪው መገደሉ ትንሽ ነገር ነው ወይ?» አለች። ሽማግሌው አስጋሪ አሁንም ቆሞ ነበር። «ትንሽማ አልነበረም፤ ጭራው ብቻ ከበሬ ይረዝም ነበር» አለ።

አውራ ጣቴ አንጓዬ ላይ ቆመ። ጭራ? አፌ ግን ከሐሳቤ ቀድሞ «ጭራው ብቻ ከበሬ ይረዝም ነበር» ብሎ ጨርሶ ነበር። ተቃዋሚው ተማሪ እንደ ብልጭታ ተቀበለው። «አባት ልክ ብለዋል! ጭራው ረጅም ነው፤ አልተቆረጠም! መሪው ቢሞትም ዘሩ በየቦታው ተራብቷል! ዛሬም ይጠብቀናል!»

መተርጎም አልነበረብኝም። ግን ሠላሳ ዓመት የለመደ አፍ ነው። በአኙዋክኛና በኑዌርኛ፣ «ሞቷል፤ ነገር ግን ዘሩ በየቦታው ተራብቷል፤ ዛሬም ይጠብቀናል» አልኩ።

አዳራሹ ተናወጠ። «የት? የት ነው ያለው?» «ልጆቼ ወንዝ ናቸው!» ሦስት ሰዎች ወንበር እየገለበጡ ወደ በሩ ሮጡ። ወንበር ተወራወርን የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ከሴቶቹ ወገን አንዲት ረጅም ሴት ተነሳች። ኛሩዋች ናት፤ አዞው የበላው አስጋሪ ሚስት። ኑዌር ናት። ዓይኗን ኡሞድ ላይ ተክላ፣ ሳትጮህ ተናገረች፦

«አንተ ፕሬዚዳንት። ባሌ ከመበላቱ በፊት ሦስት ጊዜ መጥቼ ነግሬህ ነበር። ለምን ዳርቻውን አላስዘጋህም?»

ኡሞድ ኑዌርኛ ብዙም አይሰማም፤ ወደ እኔ ዞረ። ሕሊናም ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም አፌን ይጠብቃል። በአንድ በኩል የሮጡት ሰዎች አሉ፤ በሌላ በኩል ይህች ሴት አለች። የአኙዋክ መሪና የኑዌር ሟች ናቸው፤ አንድ ቃል ብትጣመም ነገሩ ከአዳራሹ ይወጣል። ስድስት ወር ነበር የቀረኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

እጄን አነሳሁ። «ተርጓሚው ተሳስቷል» አልኩ፤ በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በአማርኛ። ከዚያ ሁሉንም በየቋንቋው አስረዳሁ። ተማሪዎቹ የሚከራከሩት ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ስለ ኡሞድ አይደለም። ስለ አዞም አይደለም። ባሮ ውስጥ አዲስ አዞ አለ ያለ የለም። በባጃጅ የተነገረው ማስታወቂያ የተበላሸው በእኔ ነው።

መጀመሪያ አኙዋኮቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ ኑዌሮቹ፤ ከዚያ ደገኞቹ መምህራን፤ ሳቁ በትርጉም ተራ በተራ ነበር የሚደርሰው። ተቃዋሚው ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተደፋ። ሽማግሌው አስጋሪ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እኔስ አሜሪካኖች ስለ ገመዴ እንዴት ሰሙ ብዬ ነበር» አለ። የሮጡትን ሰዎች የሚመልስ ሰው ተላከ። ሕሊና ደብተሯን አየች፤ «ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ» የሚለውን በቀስታ ሰረዘችው።

ኛሩዋች ግን አልሳቀችም። አልተቀመጠችምም።

«ጨረስክ?» አለችኝ። «አንተ ተሳስተህ ይሆናል። እኔ አልተሳሳትኩም። የጠየቅሁትን ተርጉምልኝ።»

ሳቁ ቀዘቀዘ። ይህን ለሕሊና በአማርኛ ነገርኳት፤ ምን እንደማደርግ ከእሷ ጠበቅኩ። እሷም ተማሪዎቿን አየች፤ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ማይክሮፎኑን አንስታ ራሷ ሄዳ ኡሞድ ፊት አስቀመጠችው። «ይተርጉሙላቸው» አለችኝ። ልጅቱን ያን ጊዜ አከበርኳት።

ተረጎምኩ። ኡሞድ ተነሳ። ክራባቱን አስተካከለ። መጀመሪያ ስለ ደብዳቤ አወራ፤ ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጽፎ ነበር፣ ማኅተሙ ቀለም ጨርሶ ነበር፣ መልስ አልመጣም ነበር። እኔም አንጓዬን እየነካሁ ሁሉንም አደረስኩላት። እሷ እንደቆመች ናት። ደብዳቤው አለቀ፤ ማኅተሙም አለቀ። እሱም አሁንም ቆሟል። ላቡ በአንገትጌው ይወርዳል። ከዚያ ድምፁ ወርዶ ተናገረ፤ እኔም «እኔ» እያልኩ ተናገርኩ፦

«ከባልሽ ሞት አንድ ሳምንት በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። መቅዘፊያዬን ጥዬ ሮጥኩ። ፕሬዚዳንት ከአዞ ሮጠ እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ስትመጪ ምንም የለም አልኩሽ። ፈራሁ። ያየሁትን አላየሁም አልኩ።»

የመጨረሻዎቹን ቃላት ስናገር ድምፄ ተሰበረ። ሰው ሁሉ ጎበዝ ተርጓሚ ነው፣ የሰውዬውን ስሜት ሳይቀር አደረሰው አለ። ተዉኝ፤ የራሴ ነበር።

ኛሩዋች ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። «እሺ። ሰማሁ» አለችና ተቀመጠች። ኡሞድም ተቀመጠ። ክራባቱን ፈቶ ኪሱ ከተተው።

ዳኞቹ ግን ሥራቸው ሥራ ነው፤ ነጥብ ደምረው መጡ። ደጋፊና ተቃዋሚ ቡድን እኩል ወጡ። «ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት» በሚለው መስፈርት ግን ከአዳራሹ ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘው ተወዳዳሪ አልነበረም፤ ኡሞድ ነበር። የእንግሊዝኛው መምህር ስሙን መጨረሻ ላይ በእጃቸው ጨምረውታል። የምስክር ወረቀት ተሰጠው። በዚህ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም፤ እሱም እጅ አልነሳም፤ ወረቀቱን አጥፎ ይዞ ወጣ።

ሰው ሲበተን እኔና ሕሊና በሩ ላይ ቆመን ነበር። ኛሩዋች ስታልፍ ቆመችና ጠየቀችኝ።

«ልጆቹ የተከራከሩበት ያ የሌላ አገር ሰውዬ፣ እሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር?»

«የለም። እሱ አሜሪካ ነው።»

«ታዲያ ጥያቄውን ማን እንዲመልስላቸው ነው?»

አለችና መንገዷን ቀጠለች። ሕሊና እጄን ነካች። «ምን አሉ ጋሼ?»

ተረጎምኩላት። ብዕሯን አወጣች፣ ደብተሯን ገለጠች፣ ትንሽ አሰበችና መልሳ ዘጋችው።

«ይሄንንስ ባይተረጉሙልኝ ይሻል ነበር» አለችኝ።

«ሥራዬ ነው» አልኳት።